ስለ ሁለት ዝምታ
(በደብራችን 50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ይህ ደብራችን የተተከለበት 50ኛው ዓመት ሲከበር አንድ ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለ ሕንፃው አሠራርና ስለ ቀደሙት አገልጋዮች ከእኔ የሚሻሉ ሰዎች ስለሚናገሩ፥ እኔ የእነርሱን ድርሻ አልሻማም። ነገር ግን ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ጋራ በአንድ ክረምት ስለ ሄድነው መንገድ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ነገሩ ሩቅ አገር የሚሄድ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ወደዚሁ ወደ ቅጽራችን ይመለሳልና፥ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በ2009 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ወጣቶቹ ወደ እኔ መጥተው እንዲህ አሉኝ። «መሪጌታ፥ የከተማው ጩኸት አድክሞናል። የትምህርት ዕረፍታችን ሳያልቅ ድንኳን ይዘን፥ ጸጥ ወዳለ የሐይቅ ዳር አገር ሄደን፥ ጥቂት ቀን እንድንሰነብት ከእኛ ጋራ ይሂዱልን።» እኔም በልጅነቴ በጎጃም ቅኔ ቤት በሣር ጎጆ እያደርሁ፥ ለምኜ ባገኘሁት ቁራሽ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ «ድንኳን ለእኔ አዳራሽ ነው፤ እንሂድ» አልኋቸው። ይህ ትምክህቴ በኋላ እንዴት እንደ ተዋረደ ትሰማላችሁ።

ኀሙስ ነሐሴ 18 ቀን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥተን፥ በሞጆና በመቂ በኩል አድርገን፥ ጥዋት ዝዋይ ገባን። ይህች ከተማ ባቱ ተብላም ትጠራለች፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደምበልም የሚባለው ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የተኛ፥ ስፋቱም 430 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል የሆነ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ቢደላደል ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ፈጥኖ ይናወጣልና፥ ባሕረኞቹ በጥዋት መሻገርን ይመርጣሉ። የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል።

በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ስማቸውም ደብረ ጽዮን፥ አይሱት፥ ፋማት፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ነው። ከሁሉ የምትበልጠው ደብረ ጽዮን በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ ትባላለች፤ ትርጓሜውም ትልቅ ተራራ ማለት ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸውም የግዕዝና የአማርኛ ወገን ሲሆን፥ ይልቁንም ለስልጤና ለሐረሪ ቋንቋ ይቀርባል። አባቶች በትውፊት እንደሚተርኩት፥ ዮዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ሸሹ፤ ዘመኑ እስኪያልፍም ድረስ ሰውረው ጠበቋት። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜም ሌሎች ክርስቲያኖች ወደ ደሴቶቹ ተጠጉ። ከዚያ በኋላ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ የዳግማዊ ምኒልክ ግዛት እስኪደርስ ድረስ፥ ከሌላው ክርስቲያን ጋራ ብዙ ሳይገናኙ፥ ተራራውን በእርከን እያረሱ፥ ሸማ እየሠሩ፥ ዓሣ እያጠመዱ ኖሩ።

እኛም በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጕዘን ወደ ደብረ ጽዮን ደረስን። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ ጆሯችን የለመደውን ጩኸት አጥቶ ደነገጠ። የውሃው ጠርዝ ድንጋዩን ሲመታ፥ ከሩቅም አንድ ወፍ ሲጮኽ ብቻ ይሰማ ነበረ። ከልጆቹ አንዱ «መሪጌታ፥ ገነት ገባን» አለኝ። እኔም አላረምሁትም፤ እኔም እንደ እርሱ መስሎኝ ነበረና።

የደሴቲቱ ቄሰ ገበዝ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደ ዳር ወርደው በመስቀላቸው ባረኩን። ከዚያም ልጆቹ ከጀልባው የሚያወርዱትን ዕቃ ይመለከቱ ጀመር። ከዕቃውም መካከል ለማታ ጉባኤ ብለን ያመጣነው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነበረ።

«ይህ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ድምፅ ማጉያ ነው፥ አባቴ፤ ማታ መዝሙርና ስብከት እንድናሰማ ነው» አልሁ።

«እዚህ ያለነው አንድ ሰው ቢጣራ ሁላችን የምንሰማ ነን። ይህን ያህል ድምፅ ለማን ነው?» አሉ።

የምመልሰው አጣሁ። ልጆቹም አፍረው ማጉያውን ወደ ጀልባው መለሱት፤ እስክንመለስም ድረስ አልከፈትነውም።

ቀጥሎም ድንኳን ስለምንተክልበት ስፍራ ነገር መጣ። በውሃው ዳር የለመለመ ደልዳላ ሣር ነበረና ልጆቹ ወደ እርሱ ተሽቀዳደሙ። ቄሰ ገበዙም «ከላይ ከእርከኑ ላይ ብታርፉ ይሻላል፤ የዳሩ ሣር ሌሊት ባለቤት አለው» ብለውኝ ለሠርክ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። እኔም የመሬት ባለቤት ያሉኝ መስሎኝ፥ «ባለቤቱ ቢመጣ እናስፈቅደዋለን» ብዬ ለልጆቹ ፈቀድሁላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፥ ያን ቀን ሰሙን ይዤ ወርቁን ጣልሁት።

በምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፥ ጨረቃዋ ገና ልጅ ስለ ነበረች ጥዋት ማታ አትለይም ነበረ፤ ጨለማውም ድቅድቅ ነበረ። ሦስት ጎበዞች መብራት ይዘው መጥተው፥ «ቄሰ ገበዝ ልከውን ነው፤ ቶሎ ተነሡ» አሉን። ምንም ሳይቆጡን፥ ምንም ሳይገሥጹን፥ ድንኳናችንን ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ እርከኑ አወጡን። የመጨረሻይቱ ድንኳን በተነሣች ጊዜ ከውሃው ውስጥ ትልቅ የእስትንፋስ ድምፅ ሰማን። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ጉማሬ ወጥቶ፥ እኛ ራሳችንን ባሳረፍንበት ስፍራ ሣሩን ይግጥ ጀመር። እነሆ፥ ሌሊት የሚመጣው ባለቤት እርሱ ነበረ። ያን ጊዜ፥ ጸጥታ ባዶነት እንዳይደለ የመጀመሪያውን ትምህርት ተማርሁ።

በማግስቱ ዓርብ ልጆቹ በደስታ ዋሉ። አንዳንዶቹ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋራ ሄዱ፤ አንዳንዶቹም በጥላ ሥር ተቀምጠው መዝሙረ ዳዊት አነበቡ። እኔ ግን እንደ ቅኔ ቤቱ ልማድ ብቻዬን ወጥቼ ቅኔ ስቈጥር ዋልሁ። አሳቤም ዝምታን ማመስገን ነበረ፤ ደሴቲቱን በታቦት፥ ውሃውን በመጋረጃ፥ ዝምታውን ደግሞ መጋረጃውን በሚጠብቅ ካህን መሰልሁ። እሑድ ነሐሴ 21 የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ስለ ነበረ፥ በዋዜማው ሌሊት በማኅሌት እንድሰጠው አሰናዳሁት። ሥራዬም ለራሴ እጅግ አማረኝ።

ቅዳሜ ቄሰ ገበዙ «አገራችንን ላሳይዎ» ብለው ወደ ተራራው ወሰዱኝ። በመንገድም ሳለን፥ «አባቴ፥ እናንተ የታደላችሁ ናችሁ። እኛ በከተማ በጩኸት ጠፋን፤ እናንተ ግን ይህን የመሰለ ጸጥታ አላችሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ቆም ብለው በመቋሚያቸው እርከኑን አሳዩኝ። አንዳንዱ እርከን የታረሰ ነው፤ ብዙው ግን ድንጋዩ ተንዶ፥ ቍጥቋጦ በቅሎበት ነበረ። ቀጥሎም ጣራቸው የጎበጠና በራቸው የተዘጋ ቤቶችን አሳዩኝ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ።

«መሪጌታ፥ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ጸጥታውን ያመሰግናል። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ይህ ስፍራ እንዲህ ጸጥ ያለ አልነበረም። ከጥዋት ጀምሮ የሸማኔው መወርወሪያ ሲመላለስ ይሰማ ነበረ። በእርከኑ ላይ የሚቈፍሩት ይዘፍኑ ነበረ። በሐይቁም ላይ ታንኳ ከታንኳ ይጠራራ ነበረ። ማታም ልጆች ሲጫወቱ፥ ጸሎት አስፈታችሁን ብለን እንቈጣቸው ነበረ። አሁን የምቈጣው ልጅ አጣሁ። የጥንት አባቶቻችን ዝም ያሉት ጠላት እንዳይሰማ ነው፤ እኛ ዝም ያልነው ግን የሚሰማ ስለ ታጣ ነው። ሁለቱ ዝምታ አንድ አይደለም፤ እባክዎ አይቀላቅሉብን።»

እኔም በደረቴ ውስጥ ያለችው ቅኔ እንደ ድንጋይ ከበደችብኝ። «ልጆቹ ወዴት ሄዱ?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ያለ ምሬት ነገሩኝ። የደሴቲቱ መሬት ጠባብ ነው፤ አንዱ እርከን ለስንት ወንድማማች ይከፈላል? ከፍ ያለ ትምህርት የሚሻም ልጅ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ከተሻገረም በኋላ በዚያው ሥራ ይዞ፥ ትዳር ይዞ ይቀራል። ቆሮሶውም እንደ ዱሮው በመረብ አይሞላም። በሐይቁ ዙሪያ ለመስኖ እርሻ፥ ለአበባ እርሻና ለከተማ መጠጥ ውሃ በፓምፕ ይቀዳል፤ ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ደግሞ ጥቂት መጕደል ብዙ ነው። ወደ ታች የሚፈሰውም ሲያንስ፥ ከቡልቡላ ውሃ የሚቀበለው አብያታ ዳሩ ወደ ኋላ እንደ ሸሸ ሁላችን ሰምተናል፤ መንገደኛም ሁሉ ያየዋል። ሽማግሌው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝናቸው የቋንቋው ነገር ነበረ። ዛይኛን የሚናገሩት ሰዎች ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። በማዶ ያደጉት ልጆችም በገበያና በትምህርት ቤት የሚሠሩበትን ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ ይህም የማይነቀፍ ነው፤ ነገር ግን ወደ አያታቸው ሲመጡ በአያታቸው አፍ መመለስ ያቅታቸዋል።

«የልጅ ልጄ ባለፈው ፋሲካ መጣች» አሉኝ። «በቋንቋችን ጠራኋት፤ ሳቀችብኝ፤ ከዚያም በአማርኛ መለሰችልኝ። መልካም ልጅ ናት፥ እግሬን አጠበችኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።»

ወንድሞቼ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። የቅኔ ተማሪ ቀን ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ወደ ዱር ይገባል። ማንም አያናግረውም፥ እርሱም ማንንም አያናግርም፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ሲመሽ ግን ወደ መምህሩ ጉባኤ ተመልሶ የቈጠረውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ መምህሩም ያቀናለታል፥ ባልንጀሮቹም ይሰሙታል። እንግዲህ የቀኑ ዝምታ የሚከበረው ስለ ማታው ድምፅ ነው። ማታ ወደ ጉባኤ የማይመለስ ተማሪ ቢኖር፥ በዱር የቀረው ዝምታ ቆጠራ አይባልም፤ መጥፋት ይባላል። የዝምታዎቹን ልዩነት በልጅነቴ በሥራ አውቀው ነበረ፤ በሽምግልናዬ መግቢያ ግን ዘንግቼው ነበረ። ዕረፍት የሚሻ እንግዳ፥ የሚሞተውን የሚተኛ ይመስለዋልና።

በዚያች ሌሊት ማኅሌት ቆምን። ካህናቱ በቍጥር ጥቂቶች ነበሩ፤ ዲያቆናቱም ከማዶ የተሻገሩ ነበሩ። ተራዬ በደረሰ ጊዜ ዓርብ ያሰናዳኋትን ቅኔ ተውኋት። ያማረች እንደ ነበረች ዛሬም አልክድም፤ ነገር ግን የሰውን ኀዘን እንደ ጌጥ አድርጋ ስለ ለበሰች በዚያ ልሰጣት አፈርሁ። በእርስዋ ፈንታ አጭር ጉባኤ ቃና ብቻ ሰጠሁ። ምሥጢሯም፥ እናት በበሩ ቆማ ልጆቿን ስትጣራ፥ ውሃው ድምፅዋን እንዳይውጠው የሚለምን ነበረ። ቃላቷም እንደ ፊተኛይቱ የተመረጡ አልነበሩም፤ አንድ ስፍራም ሰናከል አልሁ። ቄሰ ገበዙ ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደሴቲቱ የቆሮሶ ወጥ አዘጋጅታ አበላችን። በዚያም ጊዜ ሌላ ነገር ሆነ፤ ይህንንም ያደረገው ከእኔ ዕውቀት የመጣ ምክር አልነበረም። ከልጆቻችን መካከል አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደብተር ይዛ በሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያም «ይህ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» እያለች ስለ እንጀራው፥ ስለ ታንኳው፥ ስለ ነፋሱ፥ ስለ አያት፥ ስለ ልጅ መጠየቅ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ይነግሯታል፤ እርስዋ በፊደላችን ትጽፋለች፤ መልሳም ስታነበው እየተሳሳተች ታስቃቸዋለች። የደሴቲቱ ትንንሽ ልጆች መጥተው ከበቧት፤ እርስዋ በተሳሳተች ቍጥር እየተሽቀዳደሙ ያርሟት ጀመር። እንደዚህ ባለ ጊዜ ቋንቋቸውን ከአያቶቻቸው ይልቅ እነርሱ ጮኸው ተናገሩት። ጫጫታውም በረታና፥ አንድ ሽማግሌ «ዝም በሉ!» ብለው ተቈጡ። ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዘወር ብለው ፈገግ አሉ፤ እኔም ስለ ምን ፈገግ እንዳሉ አወቅሁ።

ሰኞ በጥዋት፥ ነፋሱ ሳይነሣ ተሻገርን። ልጅቱ ደብተሩን ለቄሰ ገበዙ ትታላቸው መጣች፤ በሚቀጥለውም ክረምት ጥቂቶቹ ወጣቶች ተመልሰው ሁለተኛ ደብተር ሞልተው ሰጧቸው። ይህን በማለቴ ደብተር ቋንቋን ያድናል አላልሁም። ቋንቋ የሚድነው እናት በልጇ ላይ ስትቈጣበት፥ ነጋዴም በገበያ ሲከራከርበት ነው። ነገር ግን ሰው ቃልህን ምን ይባላል ብሎ ሲጠይቅህ፥ ቃልህ ዋጋ እንዳለው ታውቃለህ፤ ልጅህም አጠገብህ ሆኖ ይህን ያያል።

አሁን ወደ ቅጽራችን ልመለስ። የዛሬ ሃያ ዓመት እኔ ወደዚህ ደብር ስመጣ፥ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ባለችው ዋርካ ሥር ዐሥራ ሰባት ልጆች ፊደል ይቈጥሩ፥ ዳዊት ይደግሙ ነበረ። ጩኸታቸውም በደጁ የሚያልፈውን ሰው ያስቆም ነበረ። ያን ጊዜ በጣራችን ላይ አንድም ድምፅ ማጉያ አልነበረም። ዛሬ አራት ድምፅ ማጉያ አለን፤ በዋርካው ሥር ግን ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ አንደኛውም በክረምት ብቻ ይመጣል። እኛ ድምፃችን ወደ ውጭ በመብዛቱ፥ ከውስጥ ዝም እያልን መሆናችንን አልሰማንም። ደሴቲቱ በጸጥታዋ ያመማትን ታውቃለች፤ እኛ ግን ጩኸታችን ሕመማችንን ሸፍኖብናል። ከሁለቱ የትኛው የሚያስፈራ እንደ ሆነ እናንተ ፍረዱ።

ይህን የምናገረው ድምፅ ማጉያው ይውረድ ለማለት አይደለም። ከደብሩ ርቀው የሚኖሩ ሕሙማንና አረጋውያን በእርሱ ቅዳሴ እንደሚሰሙ አውቃለሁ። የምለምነው ግን ይህን ብቻ ነው። ከእናንተ ልጅ ያለው ሰው፥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ልጁን ወደ ዋርካው ይስደድልኝ። እኔ ራሴ ያለ ዋጋ ፊደል አስቈጥራለሁ። ወላጆቹ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ጕራግኛ የሚናገሩ ልጅ ቢመጣም፥ የአያቱን ቋንቋ ሲያወራ የሚስቅበት እንዳይኖር እኔ እጠብቃለሁ። በመቶኛው ዓመት በዓል ከእኛ ብዙዎቻችን አንኖርም። ያን ጊዜ በዚህ ስፍራ ቆሞ የሚናገረው ሰው በመካከሉ ንግግሩን አቋርጦ፥ «እባካችሁ፥ እነዚያን ልጆች ዝም አሰኟቸው፤ አላናግር አሉኝ» እንዲል እመኛለሁ። ከዚህ የበለጠ ኢዮቤልዩ አልመኝም።

 ለሚቀጥለው በዓል በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።